ከጅቡቲ የመጣው ወተት

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየኔነሽ፣

ሰላምታዬን ወደ ታች አቆይቼዋለሁ፤ አስቀድሜ ነገሩ የተበላሸበትን ሰዓት ልንገርሽ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። ሆስፒታል፣ ካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ቆመናል። እናትሽ በእኔና በጎረቤታችን በይርገዱ ትከሻ ተደግፋ፣ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ ግራ ጎኗን ጨምድዳ ይዛ ታቃስታለች። ጸሐፊው ቀና ሳይል «ለታካሚዋ ምኗ ነሽ?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት ይርገዱ ቀደመችኝ። «ልጇስ ጅቡቲ ናት፤ ይቺ ያሳደገቻት ናት» አለችው። እሱም እንደዚያው አድርጎ ካርዱ ላይ ጻፈ። እናትሽ ሰምታለች፤ ምንም አላለችም። ሕመሙ ነው አፏን የያዘው ብዬ ልተወው ሞከርኩ። አልለቅ አለኝ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪኝ። በሰው አገር የረገጥሽው ይለምልምልሽ፤ ባለቤትሽንም ከወደብ ሥራው በሰላም ያግባልሽ።

ሆዷን ማመም የጀመራት ሐሙስ ነው። ይርገዱ ድርቀት ነው ብላ ተልባ ልታጠጣት ስትል ትኩሳቱ ቀደማትና ወደ ሆስፒታል ይዘናት ሄድን። ዶክተር ሀብተ ማርያም የሚባል ቀዶ ሐኪም አያት። መጀመሪያ አሜባ መስሎት ነበር፤ ግራ ጎኗን ተጭኖ ሲለቀው ስትጮህ፣ የደም ምርመራዋም ሲመጣ ሐሳቡን ለወጠ። የባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን ሲሰማ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። የብስክሌት ካላማዳሪ ሲያረጅ እዚህም እዚያም ያብጥ የለም? የትልቁ አንጀት ግድግዳም ሲደክም እንደዚያ ትንንሽ ከረጢት ያወጣል። ብዙ ሰው ሳያውቀው አብሮት ይኖራል። ከከረጢቶቹ አንዱ ተቆጥቶ መግል ሲይዝ ግን እንዲህ ያደርጋል። በእኛ አገር እምብዛም አይታይም። «እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን እንደሆነ ቆጥሬ አክማታለሁ» አለኝ።

አንጀቱ እንዲያርፍ በአፏ ምንም አይገባም፤ ውሃም ቢሆን። በክንዷ ግሉኮስ ይንጠባጠብላታል፤ ክሎራምፌኒኮልና ጄንታማይሲን በመርፌ ትወጋለች። ሐኪሙ እየተመላለሰ ሆዷን ይዳስሳል። ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ቢላ አይነካትም፤ እንደ ጣውላ ከደረቀ ግን ከረጢቱ ፈንድቷል ማለት ነውና ወዲያው ኦፕራሲዮን ነው።

እናትሽ «ሳልበላ እንዴት እድናለሁ?» ብላ ነርሶቹን አስቸገረች። ሁዳዴ ላይ ነንና «እትዬ፣ ስቅለት ሳይደርስ አክፍሎት ያዝኩ በዪው፤ ትንሣኤውን የሚያውጀው ሐኪሙ ነው» አልኳት። ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፤ ያሳቅኋትም እኔ ነኝ።

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ እያስታመምኳት ነው። ይህን ደብዳቤ በባቡር ለሚሠራው ለቡልቻ ሰጥቼዋለሁ። እባክሽ በእሱ እጅ የሚበላ ነገር እንዳትልኪ። ስትድን ትልኪላታለሽ።

ኢስታር

* * *

ጅቡቲ፣ መጋቢት 6 ቀን 1976

ለማከብርሽ እህቴ ለኢስታር፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከእናቴ ሐሳብ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ለደከምሽበት ሁሉ እመቤታችን ዋጋሽን ትክፈልሽ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከእናቴ ሕመም በፊት የይርገዱን አፍ ጽፈሽልኛል። ይርገዱ ምን ዋሸች? ያሳደገቻት መባል ከመቼ ወዲህ ነው ስድብ የሆነው? እናቴ አሳድጋሻለች፤ አስተምራሻለች። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ስቀር አንቺን እስከ መምህርነት አድርሳሻለች። እኔ ብሆን በኩራት እናገረው ነበር።

ሰው በረሃብ ሲድን እዚህ አልሰማሁም። አንቺ ከመጽሐፍ ታውቂያለሽ፤ እኔ እናቴን አውቃታለሁ። እናቴ ስትታመም ወተት ነው የምትፈልገው። አባቴ በሞተ ጊዜ እንኳ ወተት ነው ያቆማት። ስለዚህ የዱቄት ወተትና ተምር ለይርገዱ ልኬያለሁ፤ በእጇ እንድታጠጣት፣ ከእኔ እንደሆነም እንድትነግራት። አንቺን ማስቸገር አልፈለግኩም። ለአንቺ የሚሆን ሽቲ ቀሚስ ከዕቃው ጋር አለ። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ ትወጂው ነበር።

እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ ማንም ስለ እናቴ አይጽፍልኝም ነበር። በዚህ አትቀየሚኝ።

እህትሽ የኔነሽ

* * *

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 14 ቀን 1976

ለየኔነሽ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እናትሽ በሕይወት አለች። ይህን ካነበብሽ በኋላ ተቀምጠሽ የቀረውን አንብቢ።

ቡልቻ ዕቃውንም ደብዳቤሽንም ለይርገዱ ነው የሰጣት። ለእኔ ደብዳቤው የደረሰኝ ወተቱ ከተጠጣ በኋላ ነው። ቡልቻን በኋላ ስጠይቀው «አቦ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው ያደረስኩት» አለኝ። እውነቱን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እናትሽ ተሽሏት ነበር። ትኩሳቱ ወርዷል፤ ጎኗን ስትነካ አትጮህም። ሐኪሙ በማግስቱ ውሃ በማንኪያ ልንሞክር እንችላለን ብሎ ስለነበር ደስ ብሎኝ ልታጠብ ወደ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ይርገዱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቴርሞሱን ትከድናለች። እናትሽ ጉንጯ ውስጥ ተምር ይዛለች።

ነርሷ ገና እኔ ላይ ከመጮኋ በፊት እናትሽን «እትዬ፣ አክፍሎቱስ?» አልኳት። «ከልጄ የመጣ አይመለስም» አለችኝ።

እዚህ ላይ የምነግርሽን ልብ በዪ። ያን ሰሞን ሐኪሙ ቢፈቅድላት እንኳ ወተት የማትነካ ሴት ናት። በወሊድ ጊዜ እንኳ ጾም አልፈታችም፤ ቄስ ለምኗት እምቢ ብላለች። የአንቺን ወተት ግን ስኒውን በጣቷ ጠርጋ ጠጣችው። አየኋት። የቴርሞሱን ክዳን ከይርገዱ እጅ ነጥቄ ልወረውረው ነበር፤ አልወረወርኩትም። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ቀንቼ ነበር ብልሽ አልሳሳትም።

እሑድ ጠዋት ሆዷ ደረቀ። ሐኪሙ አንድ ጊዜ ዳስሶ እጁን አነሣና ኦፕራሲዮን ክፍሉ ይዘጋጅ አለ። ነርሷ የፈቃድ ወረቀቱን ይዛ መጣች፤ ካርዱን አየችና ቆመች። ካርዱ ላይ ያሳደገቻት ነው የሚለው። ይርገዱ «ለጅቡቲ ቴሌግራም ይደረግ፣ ልጇ ትጠየቅ» አለች። ነርሷም እውነት የመሰላት መሰለኝ። ሐኪሙ ከበሩ ሆኖ «መግሉ ቴሌግራም አይጠብቅም» አለ። ወረቀቱን ተቀብዬ ፈረምኩ። ምኗ ነሽ በሚለው ቦታ ላይ «ልጇ» ብዬ ጻፍኩ።

ከረጢቱ ፈንድቶ ሆዷ ውስጥ መግል ሞልቶ ነበር። አጠቡት፤ የተበላሸውን የአንጀት ክፍል ቆርጠው አወጡ። ሐኪሙ በጠረጠረው እንዳልተሳሳተ ያኔ ታወቀ። ስለ ወተቱ ጠየቅኩት። ሳትጠጣም ሊፈነዳ ይችል ነበር፤ ከወተቱ ነው ብዬ አልምልም አለኝ። ሆዷ ባዶ ቢሆን ግን ማደንዘዣውም ሥራውም ይቀላቸው ነበር። የነገረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩልሽ።

ሽቲው ደርሶኛል። አልለበስኩትም።

ኢስታር

* * *

ጅቡቲ፣ መጋቢት 29 ቀን 1976

ለኢስታር፣

ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ቀን መልስ ያልሰጠሁሽ የጀመርኩትን ደብዳቤ ደጋግሜ እየቀደድኩ ነው።

አንቺ ከመጻፍሽ በፊት ከይርገዱ ሰምቻለሁ። አንጀቷ የተበሳው ከባዶነት ነው ይላሉ። ሰባት ቀን ሙሉ ውሃ የከለከሏት ሴት ወተት ስትቀምስ አንጀቷ ደነገጠ ይላሉ። አንቺ ሐኪሙ አልምልም አለ ብለሽ ታመልጫለሽ። እሺ፣ እኔም አልምልም።

ግን የፈረምሽው ፊርማ እንቅልፍ ነሳኝ። «ልጇ» ብለሽ! በሕይወት ያለሁ አይደለሁም እንዴ? ከልጅነታችን እንዲህ ነሽ። በበጋ አልጋ ወደ ግቢ አውጥተን ስንተኛ ከእናቴ አጠገብ የምተኛው እኔ ነበርኩ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ትነሺና በመካከላችን ትገቢያለሽ። ጠዋት ስነቃ ፊቷ ወደ አንቺ ዞሮ አገኛታለሁ። እናት የሌላት ናት፣ ተያት ትለኛለች። ተውኩሽ። ስተውሽ ስተውሽ ይኸው ቦታዬ ላይ ፈረምሽ።

ሰው ሁሉ የሚያዝነው ለአንቺ ነው። ለቀረው፣ ላስታመመው። እዚህ ቁጭ ብዬ የባቡር ጩኸት የምሰማውን ሰው ማን ያስበዋል?

አንድ ነገር ብቻ እውነቱን ንገሪኝ። ከማደንዘዣው ስትነቃ መጀመሪያ የጠራችው ማንን ነው?

የኔነሽ

* * *

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1976

ለየኔነሽ፣

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርስሽ።

የጠራችው አንቺን ነው። አንድ ጊዜ አይደለም። ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ እያራስኩ «አለሁ» እላታለሁ፤ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች፤ እኔ መሆኔን ስታይ መልሳ ትከድነዋለች። የጠየቅሽኝ እውነት ይኸው ነው። ይብቃሽ፤ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ነገር የለኝም።

አሁን ደግሞ አንቺ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። እስከ ዛሬ ጽፌልሽ አላውቅም። አንቺ ያለ ፈቃድ ባቡር ላይ ወጥተሽ በሄድሽ በዓመቱ ቡልጋሪያ ሄጄ ሕክምና እንድማር ስሜ ወጥቶ ነበር። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አሉኝ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ፊቴን እያየ «እህትሽ ኮብልላለች፤ አንቺም ትከተያታለሽ» አለኝ። እህቴ አይደለችም፣ የአክስቴ ልጅ ናት ብል እድን ነበር። እናትሽ አጠገቤ ቆማ ነበርና አላልኩም። በቦታዬ ሌላ ሰው ሄደ። እናትሽ ከቀበሌው እስከ ቤታችን አንገቷን ደፍታ ስትሄድ አስታውሳለሁ። ማታ ለአንቺ ጸለየች።

እንግዲህ ፍረጂ። ቀበሌው ሲቀጣኝ እህትሽ ነኝ። ሆስፒታሉ ሲጠይቀኝ ያሳደገቻት ነኝ። ዕቃ ስትልኪ ይርገዱ ናት የአንቺ ሰው፤ መፈረም ሲኖርብሽ፣ ስትጠፊም ግን በቦታሽ የምቆመው እኔ ነኝ።

ግቢው ውስጥ ስለምንተኛበት አልጋ የጻፍሽው እውነት ነው። መካከላችሁ እገባ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ጨለማ እፈራ ነበርና ነው። በኋላ ግን ጨለማውን ለምጄው ሳለ እገባ ነበር። ቅናት ከአንቺ ብቻ የሚወጣ አይምሰልሽ።

ስለ ረሃቡ፦ በአፏ አይገባም ማለት ተራበች ማለት አይደለም። በደም ሥሯ ሲገባላት ነበር። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሆዷ እንደገና መንቀሳቀስ ሲጀምር መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቀጭን ሾርባ፣ ቀጥሎ አጥሚት ሰጥተናታል። የመጀመሪያውን ማንኪያ ውሃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ዋጠችውና «ጣፋጭ ነው» አለች። ውሃ ነው እኮ።

ከሆስፒታል ወጥታለች። ሌላ ያልጻፍኩልሽ ነገር አለ። አትጻፊ ብላ ያስማለችኝ እሷ ናት፤ አትጠይቂኝ።

ኢስታር

* * *

ጅቡቲ፣ ግንቦት 21 ቀን 1976

ለኢስታር፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ።

የቡልጋሪያውን ጉዳይ አላውቅም ነበር። ሌላ ቀን እጽፍበታለሁ።

ቡልቻ የእናቴን ፎቶግራፍ አምጥቶልኛል። ለምን ተቀምጣ ፎቶ ተነሣች? ለምን ነጠላዋ ሆዷ ላይ ተከምሯል? እናቴ ፎቶግራፍ ሲነሷት እንደ ወታደር ነው የምትቆመው። የምትደብቂኝ ነገር አለ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። እናቴን ላኪልኝ። እዚህ የፈረንሳይ ሐኪሞች አሉ። ባለቤቴ ሰው አነጋግሯል፤ ቡልቻም መንገዱን ያውቃል፤ እኔ የመጣሁበት መንገድ ለእሷ አይጠፋም። አምስት ዓመት ሙሉ አላየኋትም። አንቺ ጠግበሻታል። አሁን ተራው የእኔ ነው። ኢስታር፣ ከእናቴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መተኛት እፈልጋለሁ። ከዚህ ሌላ ምን ብዬ ልለምንሽ?

እምቢ ካልሽኝ ለይርገዱ እጽፋለሁ።

የኔነሽ

* * *

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 12 ቀን 1976

ለየኔነሽ፣

ሰላም ላንቺና ለቤትሽ። ደብዳቤሽን ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ አንድ ቃል አልዘለልኩም። ከመሐላዬም ፈታችኝ። እንግዲህ ስሚ።

ሐኪሙ የተበላሸውን ቆርጦ ሲያወጣ የቀረውን ጫፍና ጫፍ በዚያ ሁሉ መግል ውስጥ ቢሰፋው አይይዝም ነበር። ስለዚህ የላይኛውን ጫፍ በሆዷ ግራ በኩል ወደ ውጭ አውጥቶ ሰፋው። ሰገራዋ የሚወጣው በዚያ ነው። ቆዳዋ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት እንቀበለዋለን። ከረጢቱ ሲጠፋ የሱቅ ላስቲክ በጨርቅ ጠርዤ እሠራለሁ። ዙሪያው እንዳይቆስል በለብታ ውሃ አጥቤ ዚንክ ቅባት እቀባዋለሁ። ነጠላው የተከመረው ለዚህ ነው። ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን አልገባችም፤ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አስቀደሰች። እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ መልሶ ይገጥመዋል፤ ለመስከረም ቀጥሯታል። በሌሊት ባቡር ተደብቃ፣ በዚያ ሙቀት፣ ያን ይዛ ድንበር የምትሻገር ይመስልሻል? መምጣት እንደማትችዪ አውቃለሁ፤ በዚህ ወቅሼሽ አላውቅም፤ ዛሬም አልወቅስሽም። እሷን ግን አልልክም።

ለይርገዱ እጽፋለሁ ያልሽውም ቀርቶብሻል። ብዙ ሳምንት ከቤታችን ርቃ ነበር፤ ባለፈው መጣች። እናትሽን ላጥብ ውሃ አሙቄ ነበርና ሳህኑን አስያዝኳት። መጀመሪያ ፊቷን አዞረች፤ በኋላ ግን ይዛ ቆመች። ስንጨርስ «ወተቱን ባላጠጣት ኖሮ» አለች። ሳህኑን ድፊው አልኳት።

ለእናትሽ «ጅቡቲ ልትሄጂ ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «አንቺ ያልጨረስሽው አለ አይደል» አለችኝ፤ ሆዷን እያሳየች። ከዚያ ለአንቺ የምልከው መልእክት ካላት ጠየቅኳት። ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታዪ። «ወተቱ ጥሩ ነበር በያት» አለች።

ስኒውን ስትጠርግ እንዳየኋት ሁሉ ይህንንም ጻፍኩልሽ። በየቀኑ ከሆዷ ላይ የምጠርገው እኔ ነኝ፤ የምታመሰግነው ወተት ያንቺ ነው። እንዲህ ሆና ትቀጥላለች። ፍቅሯን ከአንቺ ላይ ቆርጬ ወደ እኔ ልገጥመው አልችልም፤ እንደዚያ ያለ ኦፕራሲዮን የለም። ለእሱ መጣላቴን ትቻለሁ።

የማልተወውን ደግሞ እወቂው። ከእንግዲህ ወደ እሷ የሚላክ ነገር በሌላ ሰው እጅ አልፎ አይገባም፤ ለእኔ ካልመጣ ከባቡር ጣቢያው ይመለሳል። ከእንግዲህ በደልሽኝ የምትዪኝን ከጎረቤት አፍ አልቀበልም። ስለ ቡልጋሪያው ሌላ ቀን እጽፍበታለሁ ያልሽውንም አልጠብቅም። መስከረም ሲመጣ ካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት እንደገና እንቆማለን። ጸሐፊው ምኗ ነሽ ብሎ ሲጠይቀኝ ማንም እንዲቀድመኝ አልፈቅድም።

ለአንቺ በጻፍኩት ሁሉ «እናትሽ» እያልኩ ነው የጻፍኩት። ቦታሽን እንዳልነካብሽ ብዬ ነበር። ይህንንም ከዛሬ ጀምሮ አላደርገውም።

እናቴ ደህና ናት።

ኢስታር